የስዊድን የባንዲ ሊግ እንዴት ነው የሚሠራው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክረምት በገባ ቁጥር ስለ ባንዲ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። አንዱ ቴሌቪዥን ላይ አይቶ ግራ የተጋባ ነው። ሌላው ልጁ ከትምህርት ቤት ሰምቶ መጥቶ መግቢያ መውጫ ያሳጣው ነው። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከማስረዳ እዚህ አንድ ላይ ልጻፈውና ልገላገል። የማወራው በዋናነት ስለ ስዊድን የወንዶች ከፍተኛ ሊግ ነው፤ ስሙ ኤሊትሴሪየን ይባላል። ዓመታቱም ወራቱም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ባንዲ የበረዶ ሆኪ አይደለም እንዴ?

አይደለም። ይህን ስዊድኖች ፊት እንዳትሉ፣ ይቀየማሉ።

በባንዲ 11 ለ 11 ነው የሚጫወቱት። ሜዳው የእግር ኳስ ሜዳ ያክላል፤ ርዝመቱ ከ90 እስከ 110 ሜትር፣ ወርዱ ከ45 እስከ 65 ሜትር። ጨዋታው ሁለት ጊዜ 45 ደቂቃ ነው። ኦፍሳይድ አለ፣ ኮርነር አለ፣ ፔናሊቲ አለ። የሚመቱትም እንደ ሆኪ ጠፍጣፋ ጎማ ሳይሆን በእጅ መዳፍ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ድቡልቡል ኳስ ነው። በነጩ በረዶ ላይ እንድትታይ ቀለሟ ደማቅ ነው። ስዊድኖች በቁልምጫ «ቀዩ የክር ድውር» ይሏታል።

ለሐበሻ በአንድ ዓረፍተ ነገር ላስረዳ ካልኩ፣ የገና ጨዋታ ማለት ነው፤ በረዶ ላይ፣ በመንሸራተቻ ጫማ። ጫፉ የታጠፈ ዱላ አለ፣ ሩር አለች፣ ሩጫ አለ። ልዩነቱ እኛ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለን እንተላለፋለን። እዚህ ግን ጌታውም ቢሆን ካጠፋ 5 ወይም 10 ደቂቃ ወጥቶ ይቀመጣል፣ ቡድኑም እሱ እስኪመለስ አንድ ሰው ጎድሎት ይጫወታል። በረኛው ደግሞ ዱላ የለውም። በእጁና በገላው ነው የሚያድነው። ያቺ ኳስ በምን ፍጥነት እንደምትመጣ ላየ ሰው፣ ይህን ሥራ ማን ወዶ እንደሚይዘው ይገርማል።

ሊጉ መቼ ተጀመረ?

አሁን ባለው መልኩ በ2007 መኸር ነው የጀመረው። ከዚያ በፊት ከፍተኛው ዲቪዚዮን ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ለሁለት የተከፈለ ነበር። በ2007 ሁሉንም አንድ ላይ አድርገው 14 ክለብ ያለው አንድ ሊግ አቋቋሙ።

የስዊድን ሻምፒዮናው ራሱ ግን በጣም የቆየ ነው። የመጀመሪያው የተካሄደው በ1907 ሲሆን ያሸነፈውም አይኤፍኮ ኡፕሳላ የሚባል ክለብ ነው። ሊጉ ገና ልጅ ነው፣ ዋንጫው ግን አያት ነው።

ማን ነው የሚያስተዳድረው?

በ1925 የተመሠረተው የስዊድን ባንዲ ፌዴሬሽን። የጨዋታ ፕሮግራም፣ ዳኛ፣ ቅጣት፣ ማን ይውጣ ማን ይውረድ፣ ሁሉም ዞሮ ዞሮ እሱ ጋ ነው። ፌዴሬሽኑ የክለቦቹን የሂሳብ መዝገብም ያያል። ሜዳ ላይ ጎበዝ መሆን ብቻውን አይበቃም፤ ካዝናው ባዶ የሆነ ክለብ ጥያቄ ይነሳበታል። ከላይ ያሉት ክለቦች ደግሞ የራሳቸው ማኅበር አላቸው። የእነሱ ነገር ስፖንሰር፣ ማስታወቂያና የቴሌቪዥን ስርጭት ነው።

ስንት ጨዋታ ይጫወታሉ? ነጥቡስ?

ሁሉም ከሁሉም ጋር፣ አንዴ በሜዳው አንዴ ከሜዳው ውጪ። በ14 ክለብ ስታሰሉት ለእያንዳንዱ 26 ጨዋታ ይደርሰዋል። ነጥቡ ላይ እግር ኳስ የለመደ ሰው ይሳሳታል። በስዊድን ባንዲ ያሸነፈ የሚያገኘው 2 ነጥብ እንጂ 3 አይደለም። አቻ የወጣ 1 ያገኛል። እግር ኳሱ ድሮ ትቶት የሄደውን አቆጣጠር እነዚህ ይዘውት ቀርተዋል። ሩሲያ ውስጥ ግን ለአሸናፊ 3 ነው የሚሰጡት።

ጎል ይበዛል። 7 ለ 5 የሚያልቅ ጨዋታ ማንንም አያስደንቅም። 1 ለ 0 ካያችሁ ነው ሰው የሚያወራበት።

ብዙ ጎል የሚመጣው ከኮርነር ነው፣ እሱን ደግሞ ማየት ያስፈልጋል። ኮርነር ሲሰጥ ተከላካዮቹ ከጎል መስመሩ ኋላ ይሰለፋሉ። አጥቂዎቹ ከቅጣት ክልሉ ውጪ ይቆማሉ። ስታዲየሙ ጸጥ ይላል። ኳሷ ከማዕዘኑ ስትነካ እነዚያ ተከላካዮች እንደ ተወነጨፈ ድንጋይ ወደ መቺው ይከንፋሉ፤ እሱ ደግሞ ሳይደርሱበት አቁሞ መምታት አለበት። በሁለት ሰከንድ ውስጥ ያልቃል። ወይ ጎል ነው፣ ወይ አንዱ ተከላካይ እግሩን ይዞ ያነክሳል።

የውድድር ዘመኑ ከመቼ እስከ መቼ ነው?

መደበኛው ሊግ በጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ጀምሮ እስከ የካቲት ይዘልቃል። ከዚያ ጥሎ ማለፉ፣ ከዚያ መጋቢት ላይ ፍጻሜው። ከሊጉ በፊት ደግሞ ከ2005 ጀምሮ የሚካሄድ የስዊድን ዋንጫ አለ። መኸር ላይ የክለቦች የዓለም ዋንጫም አለ። እሱ በ1974 ዩስዳል በምትባል ትንሽ ከተማ ተጀምሮ በ2009 ወደ ሳንድቪከን የተዛወረ ነው። በአራት ቀን ውስጥ ብዙ ጨዋታ ስለሚታጨቅ ቀንም ሌሊትም ይጫወታሉ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቡና ይዞ ባንዲ የሚያይ ሕዝብ ማየት ከፈለጋችሁ እዚያ ነው።

አንድ ቀን ግን ከሁሉም ይለያል፤ ታኅሣሥ 26፣ የፈረንጅ ገና ማግስት። በዚያ ቀን ባንዲ ማየት ባህል ሆኗል። ጎረቤት ከጎረቤት እንዲገናኝ አድርገው ነው ፕሮግራሙን የሚያወጡት፤ ለምሳሌ እንደ ኤድስቢንና ቦልኔስ ያሉ የአንድ አካባቢ ሰዎች። ሊጉን በሙሉ ሳያይ የከረመ ሰው ለዚያች ቀን ብርድ ልብስ ይዞ ይወጣል። እነሱም ዱላና ሩር የሚያስቡት በገና ሰሞን መሆኑ ሁሌ ያስቀኛል።

ሰንጠረዡን የመራው ሻምፒዮን ይሆናል ማለት ነው?

አይሆንም! እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚናደደው። ሊጉን በአንደኝነት መጨረስ ክብር ነው፣ ለጥሎ ማለፉም ጥሩ ቦታ ያስይዛል፣ ዋንጫው ግን ገና ነው። ሊጉ ሲመሠረት የወጣው አሠራር ስምንቱ የበላዮች ወደ ሩብ ፍጻሜ እንዲገቡ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩን ነካክተውታል፣ አጥንቱ ግን ያው ነው። ሩብ ፍጻሜና ግማሽ ፍጻሜ ሁለቱ ቡድኖች ደጋግመው እየተገናኙ ነው የሚወስኑት። ፍጻሜው ግን አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። ክረምቱን ሙሉ የለፋ ቡድን በአንድ መጥፎ ቅዳሜ ባዶ እጁን ሊገባ ይችላል።

ይህን የሐማርቢ ደጋፊ ጠይቁት። ሐማርቢ የስቶክሆልም ክለብ ነው። በ2000፣ በ2001፣ በ2003፣ በ2004፣ በ2006 እና በ2007 ለፍጻሜ ደረሰ። ስድስቱንም ተሸነፈ። እኔ ብሆን ተስፋ ቆርጬ ወደ ቼዝ እዞር ነበር። በ2010 ቦልኔስን 3 ለ 1 አሸንፎ የመጀመሪያውን ዋንጫ ሲያነሳ ትልልቅ ሰዎች እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ፍጻሜው የት ነው የሚካሄደው?

ባህላዊ ቤቱ ኡፕሳላ፣ ስቱደንተርናስ ሜዳ ነው። ክፍት ሜዳ ነው፤ ዝናብም በረዶም ይወርድበታል። በ2013 ግን «ስታዲየሙ ጠበበን» ብለው ሶልና ወዳለው ፍሬንድስ አሬና ወሰዱት። ጣሪያ ያለው ግዙፍ ስታዲየም ነው። በዚያ ዓመት ሐማርቢ ሳንድቪከንን 9 ለ 4 ሲረታ 38,474 ሰው ገብቶ ነበር። ከዚያ ደግሞ ስቶክሆልም ያለውን ቴሌ2 አሬና የሚባል ስታዲየም ሞከሩ። በ2018 ወደ ኡፕሳላ ተመለሱ። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ሞቆት የሚያይ ሕዝብና ክፍት ሜዳ ላይ እየተንቀጠቀጠ የሚያይ ሕዝብ አንድ አይደሉም። እኔ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው።

ከታች ያለው ይወርዳል?

አዎ። ከኤሊትሴሪየን በታች ባንዲአልስቬንስካን አለ፣ ከእሱ በታች ደግሞ ሌሎች ዲቪዚዮኖች። ደካማው ይወርዳል፣ ወይም ከታች ለመውጣት ከሚታገሉት ጋር የማጣሪያ ጨዋታ ይጠብቀዋል። እንደ አሜሪካ ሊጎች ገንዘብ ከፍሎ ወንበር የሚገዛ የለም።

ተጫዋቾቹ ፕሮፌሽናል ናቸው? ደመወዝ ይበላሉ?

አንዳንዱ ይበላል፣ አንዳንዱ ይቀምሳል።

ሊጉ የአገሪቱ ከፍተኛ ሊግ ነው፣ ልምምዱም እንደ ፕሮፌሽናል ነው። ገንዘቡ ግን እግር ኳስና ሆኪ ጋ እንዳለው አይደለም። ጥሩ ተከፍሏቸው በባንዲ ብቻ የሚኖሩ ጥቂቶች ናቸው። ብዙው ወይ ይማራል ወይ ጎን ለጎን ይሠራል። አስተማሪ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ታገኛላችሁ። ቅዳሜ ስሙ ሲጮህለት የነበረው ልጅ ሰኞ ጠዋት የሥራ ቱታ ለብሶ አውቶቡስ ውስጥ አጠገባችሁ ሊቀመጥ ይችላል።

ገንዘቡ ለረጅም ጊዜ የነበረው ሩሲያ ነው። ከስዊድን ጎበዝ የተባለው ሁሉ ወደ ሩሲያ ክለቦች ይሄድ ነበር። በ2022 ዩክሬን ላይ ጦርነት ሲከፈት ያ በር ተዘጋ። ተጫዋቾቹ ተመለሱ፣ ሩሲያም ከዓለም ሻምፒዮና ወጣች። በ2023 ቬክሾ አጠገብ ኦቢ ላይ የተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ያለ ሩሲያ ነው የተጠናቀቀው፤ ስዊድን ፊንላንድን አሸንፋ ወሰደች። ለኤሊትሴሪየን ደረጃ ጠቅሞታል። ለስፖርቱ በጠቅላላው ግን ጉዳት ነው፤ ሁለት ምሰሶ የነበረው ቤት በአንድ ቆሟል።

ክለቡ የማን ነው? ባለሀብት የለውም?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ክለቡ የአባላቱ ነው። እድር አድርጋችሁ አስቡት፤ መዋጮ ትከፍላላችሁ፣ በዓመት አንዴ ስብሰባ ይጠራል፣ ሊቀመንበር ትመርጣላችሁ፣ ሂሳብ ይነበባል፣ አንድ ሽማግሌ ተነስቶ ስለ ቡናው ዋጋ ያማርራል። በስዊድን ስፖርት ሕግ ክለቡ የንግድ ኩባንያ ቢያቋቁም እንኳ ከግማሽ በላይ ድምፁ በአባላቱ እጅ መቅረት አለበት። ስለዚህ አንድ ሀብታም መጥቶ «ከዛሬ ጀምሮ ስሙን ቀይሬዋለሁ» ማለት አይችልም።

ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከመግቢያ ትኬት፣ ከአካባቢው ስፖንሰር፣ ከሎተሪ ሽያጭ። ሜዳው ብዙ ጊዜ የማዘጋጃ ቤቱ ነው። ከዚያ ደግሞ የበጎ ፈቃደኛ ጉልበት አለ። ቋሊማ የምትሸጥላችሁ ሴትዮ፣ መኪና የሚያስቆመው ሰውዬ፣ ትኬት የሚቆርጠው ወጣት አብዛኛዎቹ በነፃ ነው የሚሠሩት። የልጆቹ ቡድኖች ደግሞ የሽንት ቤት ወረቀት እየሸጡ ነው ለጉዞ ገንዘብ የሚያሰባስቡት። አልቀለድኩም። የጎረቤቴ ልጅ በሬን አንኳኩቶ ሲሸጥልኝ ማስቀመጫ እስካጣ ድረስ ገዝቻለሁ።

ትናንሽ ከተሞች እንዴት ትልልቆቹን ያሸንፋሉ?

መልሱ በረዶው ነው። የዚህ ሊግ ሚስጥር በሙሉ ያለው እዚያ ነው።

ባንዲ እንደ ሆኪ በትንሽ አዳራሽ አይሆንም። ሜዳው የሆኪን ሜዳ አራት እጥፍ ያህል ነው። ያን ሁሉ በረዶ አርግቶ ማቆየት ውድ ነው፤ ማቀዝቀዣው፣ መብራቱ፣ ሰዉ። ድሮ ሐይቅ ሲረጋ ይጫወቱ ነበር። ቀጥሎ በማሽን የሚቀዘቅዝ ክፍት ሜዳ መጣ። ክረምቱ እየሞቀ ሲሄድ ግን ክፍት ሜዳውም አልበቃ አለ። ዝናብ የወረደበት ሜዳ ላይ ኳሷ ውኃ ውስጥ ትቆማለች፤ ጨዋታው ቀርቶ ጎርፍ መቅዘፍ ይሆናል። ስለዚህ ጣሪያ አስፈለገ።

ጣሪያውን መጀመሪያ የሠራው ማን መሰላችሁ? ስቶክሆልም? ጎተንበርግ? ኤድስቢን ናት። አራት ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት፣ በጫካ የተከበበች፣ በመስኮትና በቤት ዕቃ ፋብሪካ የምትታወቅ መንደር። በ2003 የስዊድንን የመጀመሪያ የባንዲ አዳራሽ ከፈተች። ከዚያስ? ከ2004 እስከ 2008 አምስት ጊዜ በተከታታይ ሻምፒዮን ሆነች። አጋጣሚ ነው የሚል ሰው ካለ ይምጣና እንከራከር። ሌሎቹ በረዶ እስኪረጋላቸው ሲጠብቁ የኤድስቢን ልጆች በመኸር ተለማምደው ጨርሰዋል።

ከዚያ ሁሉም ተከተለ። ሳንድቪከን፣ ቬስቴሮስ፣ ሊድሾፒንግ፣ ቬነሽቦሪ፣ ቬትላንዳ አዳራሽ ሠሩ። ብዙዎቹ መካከለኛና ትናንሽ ከተሞች ናቸው፤ ለከተማው ስም የሚያስጠራለት ሌላ ነገር ስለሌለ ማዘጋጃ ቤቱ ገንዘቡን ያወጣል። ብዙ ዋንጫ በመውሰድ የሚመራው ቬስቴሮስ ነው። ስቶክሆልም ውስጥ ያለው ሐማርቢ ግን ዚንከንስዳም የሚባለው ክፍት ሜዳው ላይ በአፓርታማ ተከቦ ሲጫወት ኖሯል። ዋና ከተማ ውስጥ ለባንዲ የሚሆን መሬት ማግኘት ዋንጫ ከማግኘት ይከብዳል።

ነገሩ ጥሩ ጎን ብቻ የለውም። አዳራሽ የሌለው ክለብ ቀስ እያለ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ አዳራሽ የሠራው ደግሞ የመብራት ሂሳቡን ሲያይ ያልበዋል።

በጣም ሲበርድ ጨዋታው ይቀራል?

ወዲያው አይቀርም። ብርዱ ሲጠና ወይ በረዶ ሲጥል 90 ደቂቃውን ለሦስት ከፍለው 30፣ 30፣ 30 ማድረግ ይችላሉ። በመሃል ሜዳውን ይጠርጋሉ፣ ተጫዋቹም ጣቱ እንዳለ ያረጋግጣል።

ሴቶቹስ?

የራሳቸው ኤሊትሴሪየን አላቸው። ያው 11 ለ 11፣ ያው ሜዳ፣ ያው ኳስ። የመጀመሪያው የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና በ2004 ፊንላንድ ውስጥ ተካሂዷል። በቅርብ ዓመታት የሴቶቹም የወንዶቹም የስዊድን ፍጻሜ በአንድ ቀን በአንድ ሜዳ ይደረጋል። በጠዋት ሂዱና ሁለቱንም እዩ፤ ብዙ ሰው ለወንዶቹ ብቻ አርፍዶ ይመጣል፣ ያመልጠዋል።

ኦሊምፒክ ላይ ለምን አናየውም?

በ1952 ኦስሎ ላይ ለማሳያ ያህል ገብቶ ነበር፤ ስዊድን፣ ኖርዌይና ፊንላንድ ብቻ ተጫወቱ። ከዚያ አልተመለሰም። ሜዳው ትልቅ፣ የሚጫወተው አገር ጥቂት። በቃ።

የእኛ ሰው ይጫወታል? ከአፍሪካ ማንም የለም?

ጎረቤቶቻችን ቀድመውናል! ቦርሌንጌ የምትባል ከተማ ውስጥ የሚኖሩ የሶማሌ ወጣቶች ተሰባስበው የሶማሊያን ብሔራዊ የባንዲ ቡድን አቋቋሙ። ብዙዎቹ ከጥቂት ወራት በፊት የመንሸራተቻ ጫማ አጥልቀው አያውቁም ነበር። በ2014 ሳይቤሪያ፣ ኢርኩትስክ ድረስ ሄደው የዓለም ሻምፒዮና ተጫወቱ። አሠልጣኛቸው ደግሞ የቬስቴሮስ ኮከብ የነበረው ፔር ፎስሃውግ ነው። በብዙ ጎል ተሸነፉ፣ ሕዝቡ ግን እነሱን ነበር የሚያጨበጭብላቸው።

አሜሪካ ሚኒሶታ ያላችሁ ደግሞ፣ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል አጠገብ ሮዝቪል ላይ የባንዲ ሜዳ አላችሁ። ከእንጀራ ቤታችሁ ብዙም አይርቅም፤ አንድ ቅዳሜ ጎራ በሉ።

ልጄ መጀመር ይፈልጋል፣ ከየት እንጀምር?

የሰፈራችሁን ክለብ ጠይቁ። አብዛኞቹ ለትንንሾቹ የመንሸራተት ትምህርት አላቸው፣ ዕቃም የሚያውሱ አሉ። አዲስ ጫማ ለመግዛት አትቸኩሉ፤ እግሩ በስድስት ወር ያድጋል። ከተመዘገባችሁ ግን የሽንት ቤት ወረቀቱ ተራ እናንተም ጋ ይደርሳል።

መጀመሪያ ጊዜ ልሄድ ነው፣ ምን ልያዝ?

እኔ የመጀመሪያ ቀን ለፎቶ የሚሆን ቀጭን ጫማ አድርጌ ነበር የሄድኩት። እረፍት ሳይደርስ የእግሬን ጣቶች መቁጠር አቃተኝ። አጠገቤ የቆሙ አንድ ሽማግሌ አዩኝና ምንም ሳይናገሩ የቆሙበትን ካርቶን በእግራቸው ገፋ አድርገው ግማሹን ለቀቁልኝ። ከዚያ አሮጌ የቆዳ ቦርሳ ከፈቱ። ያ ቦርሳ የባንዲ ቦርሳ ይባላል፤ የድሮ የቢሮ ቦርሳ ነው፣ ውስጡ ግን ፋይል ሳይሆን ቴርሞስ፣ ዳቦና ማርጠቢያ ነው ያለው። ቡና ቀዱልኝ። ቡናው ከቡና ትንሽ በለጥ ያለ ነገር ነበረበት።

ስለዚህ ወፍራም ካልሲ ሁለት፣ ሰፊ ጫማ፣ ኮፍያ፣ ቴርሞስ። ካርቶኑንም አትርሱ።